የሽንኩርቱ ሕግ

ኬልስተን ውስጥ፣ ከስታዲየሙ በስተምሥራቅ ባለው መኪና ማቆሚያ፣ አንድ ሕግ ነበር። ስለ ቡድናችን፣ ስለ አንጥረኞቹ፣ ሲያወራ «እነሱ» ያለ ሰው ጥሬ ሽንኩርት ይበላል። ሙሉውን፣ ሳይከተፍ፣ እንደ ፖም እየገመጠ፣ ፒክአፕ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» የማይል ደጋፊ የትም የለም። የእኛ ሕግ የወጣው ለሌላው ቀን ነበር። «እነሱ ተሸነፉ» ብሎ ነገር የለም፤ ተሸነፍን ነው። ኳሱን እኛ ጣልነው፣ አሰልጣኙን እኛ አባረርነው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ቀላሏን ምት የሳትናት እኛ ነን።

ይህን የማወራው ስለምወደው አይደለም፤ ስላደግኩበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስታትስቲክስ መማር ስጀምር መጀመሪያ ያሰላሁት የአንጥረኞቹን ዕድል ነበር። ውጤቱ ለቤተሰብ የሚነገር አልነበረም። እናቴ የሞተች ጊዜ ቄሱ አባቴን «ቀብሩ ቅዳሜ ይሁን ወይስ እሑድ?» ብለው ጠየቁት። «እሑድ ከሜዳችን ውጭ ነን፣ ይመቻል» አላቸው። እሳቸውም አልገረማቸውም። ራሳቸው ከካባቸው ሥር የቡድኑን ሹራብ ለብሰው ነው የቀበሯት።

ቡድኑን ያቋቋሙት የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ናቸው። ከፈረቃ ወጥተው፣ የቆዳ ቆብ ደፍተው፣ ሞላላዋን የአሜሪካ እግር ኳስ አቅፈው ከጎረቤት ከተሞች ጋር ይላተሙ ነበር። ቅድመ አያቴ ሁለት የፊት ጥርሶቹን እዚያ ትቷል፤ ፎቶው ላይ ባዶውን ቦታ እያሳየ ይስቃል። ቆይቶ ሀብታም ገዛቸው፣ ደመወዝተኛ ሆኑ፣ ሦስት ዋንጫ አነሱ። ሦስቱንም አያቴ እንጂ አባቴ አላያቸውም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ብርድና ሽንፈት ነው።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኞቹ ከግቢው ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ነበር፤ መስፉ። የስንት ሰው አባትና አያት ብረት የቀጠቀጠበት፣ ጥጃ የሚያክል መስፍ። ስታዲየሙ ውስጥ፣ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ በሚወጡበት ዋሻ አፍ ላይ አስቀመጡት። ማንም ምንም አልፈረመም። የያኔው ባለቤት እጁን መስፉ ላይ ጭኖ ቡድኑ ከኬልስተን እንደማይወጣ ማለ፤ ሰውም አመነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜዳችን ላይ ጨዋታ ባለ ቁጥር ከፋብሪካው ሰዎች አንዱ የቆዳ ሽርጥ ታጥቆ ይወጣና መስፉን ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ለሦስቱ ዋንጫዎች። በየምቱ ስታዲየሙ በሙሉ አንዲት ቃል ይመልሳል፦ «እኛ!»

መዶሻው አያቴ እጅ ነበር፤ ትከሻው ሲደክም ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ኤምሪ ሁዳክ ፋብሪካው ሲዘጋ ገና ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመንገድ በረዶ ጠርጓል፣ መጋዘን ጠብቋል፣ የተማሪ አውቶቡስ ነድቷል። ኬልስተን ውስጥ ግን ሾፌሩ ኤምሪ የሚለው ሰው የለም። ባለ መዶሻው ነው።

ባለፈው ነሐሴ የዚያ የማለው ሰውዬ ልጅ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ቡድኑ በሚቀጥለው ዓመት ወደ በረሃ እንደሚሄድ ተናገረ። እዚያ ጣራ ያለው አዲስ ስታዲየም ተሠርቶለታል። የአባቱን መሐላ ሲያነሱበት «እኔ አልማልኩም» አለ።

በሳምንቱ አባቴ ፒክአፕ ላይ ወጥቶ ሕጉን ገለበጠው። ቪዲዮውን ልከውልኛል። «ስሙኝ!» ይላል። «ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ቡድን ሲያወራ ‹እኛ› ያለ ነው ሽንኩርቱን የሚበላው። ሊሄዱ አይደል? እንግዲህ እነሱ ናቸው!» ሰው ያጨበጭባል፣ ይጮሃል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል።

አዲሱ ሕግ ከሁሉ የጎዳው ኢግናስን ነው። ኢግናስ ክርስትና አባቴ ነው። ከአባቴ ጋር አንድ ምድጃ ፊት ሠርተዋል፣ በአንድ ቀን ተባርረዋል፣ እሑድ እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አርጅተዋል። ምላሱ አልታጠፍ አለው። «ትናንት እንዴት ጣልነው ባካችሁ!» ይላል፤ ሽንኩርት ይመጣል። ሽንኩርቱን እያኘከ «መከላከላችን ግን...» ይላል፤ ሌላ ሽንኩርት። ሚስቱ ዶሪን «ከመስከረም ጀምሮ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምተኛው» ትላለች። ጥቅምት ላይ የራሱን ሽንኩርት በኮቱ ኪስ ይዞ መምጣት ጀመረ።

አባቴ አንድም ቀን አልሳተም። «ተሸነፉ» ይላል፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ ስለማያውቃቸው ሰዎች እንደሚያወራ። «የኤምሪ ልብ ብረት ነው» ይሉ ነበር።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነበር። ክለቡ መስፉንም እወስዳለሁ ብሏል፤ ስታዲየሙ ውስጥ ያለ ሁሉ የእኔ ነው ባይ ነው። ስለዚህ በስታዲየሙ ምሥራቅ በኩል የምንቀመጠው የእኛ ተርታ ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ። አባቴ እንደ ወትሮው ይወጣል፣ መዶሻውን ያነሣል፣ ከዚያ ሳይመታ መሬት ያስቀምጠዋል። ስታዲየሙ ጭጭ ይላል። አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ያየዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ተርታው በሙሉ ወደ ሜዳ ይወርድና መስፉን ተሸክሞ በምሥራቅ በር ያወጣዋል፤ በዚያ የሚጠብቀው መኪና ጭኖ ወደ ቀድሞው የፋብሪካ በር ይወስደዋል። ጥበቃዎቹ የኬልስተን ልጆች ናቸው፤ አይነኩንም ተባለ።

አባቴ ስልክ የሚደውል ሰው አይደለም። ያን ጊዜ ግን ደወለ።

«ሬኔ፣ ነይ» አለኝ። «የጭነት መኪና ተከራይተሽ ነይ። ምሥራቅ በር ላይ አንቺ ትቆሚያለሽ።»

«እዚያ መኪና ያለው ሰው ጠፍቶ ነው?»

«አንቺ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ እንደማትገቢ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንቺ ከመጣሽ ነገሩ እውነት ነው ይላሉ።»

እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ሥራዬን ትቼ፣ መኪናውን ተከራይቼ፣ በበረዶ መንገድ ነድቼ መጣሁ።

ጠዋት መኪና ማቆሚያው ከሐይቁ በሚመጣ ጭስ የመሰለ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ምድጃዎቹ ግን ነደዋል፤ ቋሊማው ይንጫጫል፤ ዶሪን በትልቅ መጥበሻ ድንች የተሞላ ፒሮጊዋን በቅቤ ታገላብጣለች። ሰው የሟች አባቱን ሹራብ፣ የወንድሙን ቆብ፣ ያለውን ሁሉ ለብሶ መጥቷል። ከጎናችን አንድ ሰውዬ ውሻውን የቡድኑን ካልሲ አልብሶታል። ውሻው በድሮ ተከላካያችን ቁጥር «ዘጠና አንድ» ተብሎ ይጠራል።

«መጣችልን የዩኒቨርሲቲዋ!» አለ ኢግናስ፣ አቅፎኝ። አፉ ይሸታል። «ዕድላችን ስንት ከመቶ ነው ዛሬ?»

«ዕድላችን አልከኝ?»

«አይ! አይ፣ ዕድላቸው! ዕድላቸው አልኩ!»

«ዶሪን፣ ሰምተሻል?»

«የኔ እናት፣ በእንቅልፉ ሳይቀር ነው የሚለው» አለች ዶሪን፣ መጥበሻዋን ሳትተው። «ስጡት።»

ኢግናስ ከኪሱ የራሱን ሽንኩርት አወጣ፣ ልጣጩን በጥርሱ ነቀለ፣ ፒክአፑ ላይ ወጥቶ በላ። ሰው አጨበጨበለት። በየሳምንቱ የሚሠራ ቲያትር ነበር፤ ማንም አልሰለቸውም። እኔንም፣ ልናገረውና፣ አሳቀኝ።

አባቴ ሽርጡን በክንዱ ላይ ጥሎ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። መዶሻውን ከጎማው ጋር አስደግፎታል። ተላጭቷል። አዲስ ጫማ አድርጓል።

«እኔ የምለው» አለች ዶሪን፣ «እዚያ በረሃ ላይ በመስከረም ምን ሊያደርጉ ነው? ቢራው ሳይጠጣ ነው የሚፈላው። ቋሊማውም ምድጃ አያስፈልገውም፣ ኮፈኑ ላይ መዘርጋት ነው።»

«ሲያልባቸው ይታየኝ» አለ ባለ ውሻው። «ኧረ ይቃጠሉ!»

«ጣራ አለው እኮ» አለ አባቴ። «መስከረም ላይ ስንከፍት ውስጡ ፍሪጅ ነው የሚሆነው።»

ከዚያ ኢግናስ እንደ ሕፃን ዘለለ።

«‹ስንከፍት›! ‹ስንከፍት› አለ! ኤምሪ ተያዘ! አምላኬ ሆይ፣ ብቻዬን አይደለሁም!»

«ሽን-ኩርት! ሽን-ኩርት!»

«ብረቱ ቀለጠ በሉኛ!»

አባቴም ሳቀ። እጁን አነሣ፣ ጥፋቱን አመነ፣ ፒክአፑ ላይ ወጣ። ኢግናስ ከሌላኛው ኪሱ ሽንኩርት አውጥቶ፣ በእጅጌው ወልውሎ፣ በክብር አቀበለው። አባቴ ገመጠ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ፣ ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ደስ አለው። የሐዘን ቀን ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ተገኘ።

እኔ አልሳቅኩም። የኢግናስን ስሕተቶች በሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ ጣልነው፣ ተሸነፍን፣ ዕድላችን፣ መከላከላችን። ሁሉም ስለ ትናንትና ስለ ዛሬ ናቸው። ልማድ ስለሆነ ነው ከአፉ የሚወጣው። መጪው መስከረም ግን የማንም ልማድ አይደለም። መጪው መስከረም ኬልስተን የሚከፍተው ምንም ነገር የለውም። ደግሞስ የአዲሱ ስታዲየም ውስጥ ፍሪጅ እንደሚሆን ማን ነገረው?

እስኪወርድ ጠበቅኩትና ክንዱን ይዤ ከተከራየሁት መኪና ኋላ ወሰድኩት።

«ምን ነበር እሱ?»

«የቱ?»

«‹ስንከፍት›።»

«ምላስ ነዋ ልጄ። አርጅቻለሁ።» ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። «የኢግናስ በሽታ ተጋባብኝ።»

«ምላስ ያለፈውን ነው የሚለምደው፣ አባዬ። የሚመጣውን አይለምድም።»

ወደ ምድጃዎቹ አየ። ከዚያ ወደ ጫማው። መዋሸት የማይችል ሰው ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

«የክለቡ ሰዎች መጥተው ነበር» አለ። «መዶሻውን እዚያ እንድይዝላቸው። ቤት ይሰጡኛል፣ ከስታዲየሙ አጠገብ። ጨዋታ በሌለ ቀን ደግሞ ልጆች ይመጣሉ፣ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። የፋብሪካውን፣ የቅድመ አያትሽን ጥርስ...»

«መቼ ነው የመጡት?»

«ሐምሌ።»

«ሐምሌ? ወሬው ሳይወጣ?»

ሽርጡን በክንዱ ላይ አስተካከለ።

«እና ነሐሴ ላይ ፒክአፕ ላይ ወጥተህ ‹እነሱ ናቸው› ስትል እያወቅህ ነበር። ማን ነው ሕጉን ገልብጠው ያለህ? እነሱ ናቸው?»

«አይ» አለ። የሚያሳዝነው፣ ትንሽ ኩራት ነበረበት። «እሱ የእኔ ሐሳብ ነው። ሰው ቀስ እያለ እንዲለቅ ብዬ ነው። በአፉ ከለቀቀ ልቡም ይከተላል። እነሱም ወደዱት።»

ኢግናስ ከመኪናው ማዶ የሆነ ዘፈን ጀምሯል፤ ቃሉን አጥፍቶት ሰው ይስቅበታል።

«መስፉስ?»

«ከዕረፍት በኋላ በምዕራብ በር ይወጣል። የቢራ ጭነት በሚገባበት።»

«እኔስ? እኔን ምሥራቅ በር ላይ ምን ልሠራ ነው ያመጣኸኝ?»

መልሱን ሳይናገር አገኘሁት። መኪናውን ካዩ፣ ሬኔን ካዩ፣ ሌላ በር የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።

«አንቺን ያምናሉ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሰው ሲናደድ ደሙ ይፈላል ይላሉ። የእኔ ቀዘቀዘ። «ኢግናስ ያውቃል?»

«ኢግናስ ይገባዋል።»

«ነግረኸው ነው የሚገባው?»

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁ ከፍ አለ። «እዚህ ምን አለኝ? እናትሽ የለችም። አንቺ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱንም ሰዓትሽን እያየሽ። መዶሻውን ዛሬ ካስቀመጥኩ ነገ ማን ነኝ? ሱቅ ሄዶ ለገንዘብ ያዧ ስለ ብርድ የሚያወራ ሽማግሌ! ለኢግናስ ዶሪን አለችው። እኔ መስፉ ነው ያለኝ። መስፉ ከሄደ እሄዳለሁ።»

ይበልጥ ተናደድኩ።

«ዛሬ ትመታዋለህ?»

«ቀረጻው ያስፈልጋቸዋል። ለማስታወቂያ።»

«አትምታው» አልኩ። «እንዳልከው አንሥተህ አስቀምጠውና ና። ሌላውን ማንም አይሰማም፤ እኔ አልናገርም። መኪናውን ምዕራብ በር አቆማለሁ፣ አለቀ። ከፈለግህ እኔ ጋ መጥተህ ትኖራለህ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። በእጁ ጀርባ ጉንጬን ነካ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

«እሺ» አለ። «እሺ ልጄ። አልመታውም።»

አመንኩት። ስታትስቲክስ የተማርኩት እኔ፣ አመንኩት።

አግዳሚያችን ላይ ኢግናስ በመካከላችን ሆኖ ተቀመጥን፤ ከቀኙ ዶሪን፣ ከግራው እኔ። ስልሳ ሺህ ሰው ነበር ይላሉ። አባቴ ሽርጡን ታጥቆ ከዋሻው ሲወጣ ማንም ሳያዝ ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ የሰከረ ሰው፣ ያ ሁሉ ልጅ፣ ጸጥ። የባንዲራው ገመድ ምሰሶውን ሲመታ ይሰማል።

ኢግናስ እጄን ያዘ። «እይው» አለ በሹክሹክታ። «እይው አባትሽን።»

አባቴ መዶሻውን አነሣ። ትከሻው ላይ ያዘው። በረዶው ባርኔጣው ላይ ሲያርፍ በትልቁ ስክሪን ይታያል። ሊያስቀምጠው ነው። እጁ ትንሽ ዝቅ ሲል አይቻለሁ፤ ዛሬም እምላለሁ፣ ዝቅ ብሎ ነበር።

መታው።

ያ ድምፅ በደረት ነው የሚሰማው። እና ስልሳ ሺህ ሰው፣ ዝም ሊል የተማማለ ሰው፣ በአንድ አፍ መለሰ፦ «እኛ!»

ማንም አላሰበበትም። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንደሚባለው ወጣ። ኢግናስም ጮኸ። ከዚያ በጓንቱ አፉን ያዘና ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ውስጥ ያየሁት ድንጋጤ በራሱ ጥፋት ነበር። አባቴን አልጠረጠረም። የሳተው እሱ ይመስለዋል።

«አመለጠኝ» አለ። «ሬኔ፣ አመለጠኝ፣ ሽንኩርት አለብኝ...»

ሁለተኛው ምት መጣ። አሁን ግማሹ መለሰ፣ ግማሹ እርስ በርሱ ተያየ። «ለምን ነው የሚመታው?» አለች ዶሪን። «ኢግናስ፣ ለምን ነው የሚመታው?»

በሦስተኛው ማንም አልመለሰም። ብረቱ ብቻውን ጮኸ፣ ደከመ፣ ሊጠፋ ሆነ። ያኔ ከድምፅ ማጉያዎቹ፣ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከሌላ ዓመት የተቀዳ የእኛው ድምፅ መጣ፦ «እኛ!» የእናቴም ድምፅ ውስጡ ሊኖር ይችላል። ጥሩ ቀረጻ ነበር።

አባቴ ወደ ተርታችን ሳያይ ወደ ዋሻው ገባ።

ለኢግናስ ነገርኩት። አጭር አድርጌ፤ ሐምሌ፣ ቤቱ፣ ምዕራብ በር፣ የሽንኩርቱ ሕግ። ሌላውን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ አልተለወጠም። ሕጉ ላይ ስደርስ ግን እጁን ከእጄ አወጣ።

«በየሳምንቱ ሲያበላኝ...» አለ። አልጨረሰውም። ሜዳው ላይ ጨዋታው ተጀምሯል፤ እሱ አያይም። በመጨረሻ «መኪናሽ የት ናት?» አለ።

ዶሪንን ቦታችንን እንድትጠብቅ ትተናት ወረድን። ጉልበቱ መጥፎ ስለሆነ ደረጃውን በጎኑ ነው የሚወርደው። መኪናውን ነድቼ ምዕራብ በር ላይ አግድም አቆምኩት፤ ብስክሌት እንኳ አያልፍም። ከውስጥ የሕዝቡ ጩኸት ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። ሞተሩን አላጠፋሁም። ኢግናስ መስታወቱን ያያል።

ከዕረፍት በኋላ በሩ ተከፈተ። ፎርክሊፍቱ መስፉን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ተሸክሞታል፤ እንደ ታማሚ። ሁለት የክለቡ ሰዎች አሉ። አባቴም አለ። ከሽርጡ በላይ አዲስ ጃኬት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የእኛው የመዶሻ ምልክት፣ ከሥሩ የሌላ ከተማ ስም።

መኪናዬን አየ። ቀጥሎ ኢግናስን አየ።

«ሬኔ» አለ። «አንሺው።»

«ና ራስህ አንሣው!» አልኩ በመስኮቱ። «ፖሊስ ጥራ! ቴሌቪዥኑም እዚሁ ነው፣ ይቅረጹህ!»

ኢግናስ በሩን ከፍቶ ወረደ። ወደ አባቴ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ወደ መስፉ ነው የሄደው። ብርድ ልብሱን ገለጠው፣ ጓንቱን አወለቀ፣ መዳፉን ብረቱ ላይ አስቀመጠ። የክለቡ ሰዎች አልነኩትም።

«ስንት መታኸው?» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ታውቃለህ» አለ አባቴ። «ሦስት።»

«ሦስተኛውን ማን መለሰልህ?»

አባቴ የጃኬቱን ዚፕ ሳበ።

«ኤምሪ፣ አንተን እኮ ነው። ሦስተኛውን ማን መለሰ?»

«ማጉያው።»

«እንግዲያው ለሱ ውሰድለት።» ኢግናስ ብርድ ልብሱን መልሶ አለበሰው። ጠርዙን ሳይቀር አስተካከለው። «መኪናውን አንሺላቸው፣ ልጄ።»

«ምን? አላነሣም!»

«አንሺው።»

«አጎቴ፣ የእናንተ ነው! ፍርድ ቤት ብንሄድ እንረታለን፣ ስንት ምስክር አለ፣ እኔ...»

«ብረት ነው» አለኝ። «ብረት የትም አለ። የእኛ የነበረው ሰውዬው ነው።»

መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ማርሹን አስገብቼ ወደ ኋላ ነዳሁ። ፎርክሊፍቱ አለፈ።

አባቴ ወደ መስኮቴ መጣ። ቅርብ ሆኖ ሲታይ ጃኬቱ ላይ የመደብሩ ወረቀት አልተነቀለለትም፤ ብብቱ ሥር ይወዛወዛል። ልነቅልለት እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩት።

«ትመጪ የለ?» አለ። «መስከረም ላይ? ቦታ ይዤልሻለሁ። ፊት ለፊት።»

«እናንተ ስትከፍቱ?»

ፊቱ በራ። «አዎ» አለ። «አዎ፣ ስንከፍት።»

«እናንተ» ማለቴን አልሰማም። መስኮቱን ዘጋሁት።

ወደ ፋብሪካው በር ነዳን፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ኢግናስ ወደዚያ አለኝ። እዚያ ለመስፉ የተዘጋጀ ቦታ ነበር፤ ሰዎቹ በረዶውን ጠርገው አሸዋ አልብሰውታል። አንድ ሰው ሻማ ሳይቀር አስቀምጧል። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥን ሬዲዮው ይጮሃል፤ የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት፣ አንድ ምት ቀርታለች፣ ያችው ሁልጊዜ የምንስታት። ተናጋሪው ትንፋሹን ያዘ። ኳሷ ገባች። ሰውዬው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ፣ ከኋላው ስልሳ ሺህ ሰው ጮኸ፤ ይህኛው የተቀዳ አልነበረም።

ኢግናስ ከኮቱ ኪስ ሽንኩርት አወጣ። ምንም አላጠፋም፤ ማንም አልጠየቀውም። ትንሽ አገላብጦ አየውና መስታወቱ ሥር አስቀመጠው።

«አሸነፉ» አለና ሬዲዮውን ዘጋው።